በመርከብ የመጣ ጎቲክ

የየመኗ ወደብ የኤደን ጥንታዊ እምብርት ክሬተር ይባላል። በሞተ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተቆረቆረ ሰፈር ነው፤ ጀርባውን የሻምሳን ተራራ ጥቁር ገደል ይዞታል፣ ፊቱ ወደ ባሕር ነው። ከገበያው ከፍ ብላ በምትታይ ጉብታ ላይ አንድ የድንጋይ ሕንፃ ቆሟል። መስኮቶቹ ጫፋቸው የሾለ ነው። አውሮፓን በፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው እንኳ ሲያየው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ነው ብሎ ይገምታል፤ ግምቱም ልክ ነው። ሲሠራ ቅድስት ማርያም ይባል ነበር፤ ምእመናኑም እዚያ የሰፈሩ የእንግሊዝ ወታደሮች ነበሩ። በኤደን የፖለቲካ ታሪክ ውስጥ ግን የሚታወቀው በሌላ ስሙ ነው፤ ሕግ አውጪ ምክር ቤት። በ1947 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የጸሎት ቤትነቱ ቀርቶ የፖለቲከኞች መከራከሪያ ሆኗልና።

የአሠራሩ ስልት ጎቲክ ነው። በፓሪስ አጠገብ ያለው የቅዱስ ዴኒስ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ከ1140 እስከ 1144 መቅደሱ በአዲስ መልክ ሲታነጽ የተጀመረ ነው የሚባለው። ምስጢሩ ከቅስቱ ላይ ነው። ክብ ቅስት ክብደትን ወደ ጎን አጥብቆ ይገፋል፤ የሾለው ግን አብዛኛውን ወደ ታች ያወርደዋል፣ የተረፈውን ግፊት ደግሞ ከውጭ የቆሙ የድንጋይ ድጋፎች ይቀበሉታል። ግድግዳው ከሸክም ሲገላገል ቦታውን ለመስኮት ይለቃል። የሻርትር ካቴድራል በ1194 ተቃጥሎ እንደገና የተነሣው፣ የእንግሊዙ የሳልስበሪ ካቴድራልም በ1220 መሠረቱ የተጣለው በዚህ ጥበብ ነው። በዚያው ዘመን ሮሃ ላይ ንጉሥ ላሊበላ በተቃራኒው መንገድ ይሠራ ነበር፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ከመደርደር ይልቅ ዓለቱን ከላይ ወደ ታች ያስፈለፍል ነበር።

የክሬተሩ ሕንፃ ከእነዚህ ጋር በዕድሜ አይወዳደርም። ሥራው የተጠናቀቀው በ1871 አካባቢ ነው። በዚያ ጊዜ እንግሊዞች የመካከለኛው ዘመን ፍቅር ይዟቸው ነበር፤ የለንደን ፓርላማ በ1834 ቢቃጠል መልሰው የሠሩት በጎቲክ ነው። ኤደን ደግሞ የምትተዳደረው በቀጥታ ከለንደን ሳይሆን ከቦምቤይ ነበር። ቦምቤይ ውስጥ በአፍጋኒስታን ጦርነት ለወደቁ ወታደሮች መታሰቢያ የተሠራው የኮላባ ቤተ ክርስቲያን በ1858 ሲመረቅ፣ የጦር ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ምን መምሰል እንዳለበት ለአካባቢው ሁሉ ምሳሌ ሆኖ ነበር። የሾለው መስኮት ወደ ኤደን የተሻገረው እንግዲህ ከህንድ በሚመጣው የመርከብ መስመር ነው ማለት ይቻላል።

ስልቱ ለአገሩ አየር የተፈጠረ አልነበረም። ቁልቁል የተዳፋ የጎቲክ ጣሪያ ዝናብና በረዶ እንዲያራግፍ የታሰበ ነው፤ ኤደን ውስጥ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ሰው ከቤት ወጥቶ የሚያየው ብርቅ ነገር ነው። ሰፊው መስኮት የሰሜኑን ደብዛዛ ብርሃን ለመሰብሰብ የተፈለሰፈ ነው፤ ኤደን ውስጥ ግን የቤት ሠሪ ሁሉ ጭንቀት ብርሃንን ማስቀረት ነው። ያም ሆኖ ወታደሩ የአገሩን ቤተ ክርስቲያን ናፍቆ ሠራው። ሳያውቀውም ይሆናል፣ የሾለ ቅስት ወደ ተወለደበት አካባቢ መልሶ አመጣ። ካይሮ የሚገኘው የኢብን ጡሉን መስጊድ በ879 ሲጠናቀቅ ረድፍ በረድፍ በሾለ ቅስት የተሞላ ነበር፤ የፈረንሳይ ግንበኞች ወደዚህ ሐሳብ የመጡት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይተው ነው።

የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ባይኖራትም ኤደን በመካከለኛው ዘመን ከፍ ብላ ነበር። ሻርትር በሚታነጽበት ወራት ኤደን በህንድና በግብፅ መካከል የምትገኝ ዋነኛ በር ነበረች። ወደቧ የዛሬው ሳይሆን ከክሬተር ፊት ለፊት በሲራ ደሴት ጥግ የሚገኘው ነበር። በ1135 የፋርስ ባሕረ ሰላጤዋ የኪሽ ደሴት ገዥ መርከቦቹን ልኮ ሊይዛት ሞክሯል። የህንድ ንግድ የሚያካሂዱት አይሁድ ነጋዴዎች ከዚች ከተማ የጻፏቸው ደብዳቤዎች በካይሮ በአንድ ምኩራብ ዕቃ ቤት ውስጥ ተከማችተው ተገኝተዋል፤ ቁንዶ በርበሬ፣ ብረት፣ ነሐስ፣ ቀለም፣ ስለ ሰመጠ መርከብ የተላከ ሐዘን፣ ሁሉም አለባቸው። በ1170ዎቹ የሳላሐዲን ወንድም ቱራን ሻህ የመንን ሲይዝ ኤደንም በአዩቢዶች ሥርወ መንግሥት እጅ ገባች፤ ቅጥሯና የጉምሩክ ቤቷ በእነሱ ሹም ተጠናከረ።

የጉምሩክ ቤቱን አሠራር በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የጻፈው ኢብን አል ሙጃዊር ነው፤ ጽሑፉ ዛሬ አየር ማረፊያ ላይ ጫማ ያስወለቁትን ሰው ያስቃል። ተራራ ላይ የሚቀመጥ ጠባቂ ሸራ ሲያይ ያውጃል፤ እውነት ሆኖ ከተገኘ ይሸለማል፣ ሐሰት ከሆነ ይገረፋል። መርከቡ ሲገባ ሹማምንት በጀልባ ወጥተው የመርከበኛውንና የነጋዴዎቹን ስም፣ የዕቃውንም ዓይነት ይመዘግባሉ። ከዚያ ፍተሻው ይመጣል። የነጋዴው ጥምጥም ይፈታል፣ ፀጉሩ ይዳሰሳል፣ እጅጌውና ቀበቶው ይበረበራል። ሴቶቹን የምትፈትሽ አንዲት አሮጊት ነበረች፤ እሷም ጸሐፊው በትዝብት የሚያነሣውን ያህል እጇን አትሰስትም ነበር። የዚያች ከተማ ካቴድራል ይባል ከተባለ ይህ የጉምሩክ ቤት ነው፤ ገንዘቡም፣ ትጋቱም፣ ፍርሃቱም የተከማቸው እዚያ ነበርና።

ሌላው ትልቅ ግንባታ ውሃ ነው። የጠዊላ ገንዳዎች የሚባሉት ከሻምሳን ገደል ሥር በዓለት ውስጥ ተጠርበው፣ በኖራ ተለስነው አንዱ ሲሞላ ወደ ቀጣዩ እንዲያፈስስ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ዛሬ 13 ያህሉ ቀርተዋል። በ1330 አካባቢ ያለፈው ኢብን ባጡጣ ከተማዋ እህልም ዛፍም ውሃም የላትም፣ ያላት የዝናብ ውሃ የሚከማችበት ገንዳ ብቻ ነው ይላል፤ ዘላኖቹም ገንዘብ ካልተከፈላቸው ውሃውን ይዘጋሉ። እዚያው ላይ አንድ ወሬ ይጨምራል። የሁለት ነጋዴዎች ባሮች በገበያው ላይ የቀረውን አንድ በግ ለመግዛት ሲጫረቱ ዋጋው 400 ዲናር ደረሰ። በጉን ለገዛው ባሪያ ጌታው ነፃነቱንና 1000 ዲናር ሰጠው፤ የተሸነፈው ተደብድቦ ተባረረ። ኢብን ባጡጣ ከዚያ በመርከብ የተሻገረው ወደ ዘይላ ነው። ኤደንና የእኛ ዳርቻ ያኔ እንደ ሁለት ሰፈር ነበሩ።

የኤደን የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከጎቲክ ወደ ስምንት መቶ ዓመት በሚጠጋ ይቀድማል። በ356 አካባቢ የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዎስ ሁለተኛው፣ ቴዎፍሎስ ህንዳዊው የሚባለውን ጳጳስ ወደ የመኑ የሂምያር መንግሥት ላከው። እጅ መንሻው ከቀጰዶቅያ የመጡ 200 ምርጥ ፈረሶች ነበሩ። ፊሎስቶርጊዮስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ እንደሚለው የሂምያር ገዥ ሦስት አብያተ ክርስቲያናት አሠራ፤ አንዱ በዋና ከተማው በዘፋር፣ አንዱ የሮም ነጋዴዎች በሚገበያዩባት በኤደን፣ አንዱም በፋርስ ባሕረ ሰላጤ አፍ። ወጪውንም ከንጉሠ ነገሥቱ ከመጣው ገንዘብ ሳይሆን ከራሱ ቻለ። የኤደኑ ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ አልተገኘም። የቀረው ይህ ቃል ብቻ ነው፤ እሱም የፊሎስቶርጊዮስ መጽሐፍ ራሱ ጠፍቶ ፎጢዮስ የተባለ የቁስጥንጥንያ ፓትርያርክ ካሳጠረው የተረፈ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ባዕድ አይደለም። ቴዎፍሎስ አርዮሳዊ ነበር፤ ፊሎስቶርጊዮስም እንዲሁ። ቴዎፍሎስ ከሂምያር በኋላ ወደ አክሱም አቅንቷል። በዚያው ሰሞን ቆስጠንጢዎስ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማን፣ ወደ እስክንድርያ እንዲመልሱት አዘዘ፤ ሹመቱን ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ከአትናቴዎስ የተቀበለ ነውና እዚያ ያለው አርዮሳዊ ጳጳስ መርምሮ ያጽናው ነው የሚለው። ደብዳቤውን አትናቴዎስ ራሱ በመከላከያ ጽሑፉ ውስጥ ስላስገባው እስከ ዛሬ ይነበባል። የአክሱም ሃይማኖት ትእዛዙን እንዳልተከተለ ይታወቃል። ኤደን የበቀለው ቤተ ክርስቲያንና አክሱም ላይ የተሞከረው ግፊት የአንድ ፖለቲካ ሁለት እጆች ነበሩ፤ ሁለቱም ቀይ ባሕርን በሮም ጎን ለማድረግ የተዘረጉ።

ከዚያ ወዲያ ተራው የአክሱም ሆነ። በ523 የናግራን ክርስቲያኖች በዩሱፍ አስዓር፣ ዙ ኑዋስ በሚባለው የሂምያር ንጉሥ እጅ ሲያልቁ፣ ዐፄ ካሌብ በ525 መርከብ አሰናድቶ ተሻገረና ንጉሡን ድል ነሣ። ከካሌብ ሠራዊት ወጥቶ የመንን የገዛው አብርሃ ሰንዓ ላይ ያነጸው ካቴድራል፣ ዓረቦች አል ቀሊስ የሚሉት፣ በዕብነ በረዱና በሞዛይኩ ዝናው ጸሐፊዎችን ለዘመናት ሲያስደንቅ ኖሯል። በ8ኛው ክፍለ ዘመን ፈረሰ። ዛሬ በሰንዓ ታላቅ መስጊድ ውስጥ መስቀል የተቀረጸባቸው የዓምድ ራሶች አሉ። የዓረብ ምድር ካቴድራልና ጥንታዊ ከተማው የት ነው ካልን፣ ሰንዓ ናት መልሱ፤ አሠሪውም ኢትዮጵያዊ ነበር። በ570ዎቹ ፋርሶች በባሕር መጥተው የአብርሃን ልጆች አገዛዝ አፈረሱ።

በመካከለኛው ዘመን ኤደን በክርስቲያን ወሬ ውስጥ የምትነሣው አልፎ አልፎ ነው። ማርኮ ፖሎ የሐበሻ ንጉሥ ወደ ኢየሩሳሌም የላከው ጳጳስ ሲመለስ የኤደን ሱልጣን ይዞ በግድ እንደገረዘው፣ ንጉሡም በ1288 ዘምቶ እንደተበቀለ ይተርካል። ታሪኩ እንደ ተረት ይጥማል፤ ተመራማሪዎች ግን ማርኮ ፖሎ ኤደንን ከእኛ በኩል ከነበሩት የሙስሊም ሱልጣኔቶች ጋር እንዳምታታ ያስባሉ። ለነገሩ ያልተገረዘ ሐበሻ የፈለገ ቢፈልግ አያገኝም፤ ያ ብቻውን ወሬውን ያስጠረጥራል።

ፖርቱጋሎች የመጡት በ1513 ነው። የንግሥት እሌኒ መልእክተኛ ማቴዎስ በ1512 መጨረሻ ጎዋ ደርሶ ከአልፎንሶ ደ አልቡከርክ ጋር ተገናኝቶ ነበር። አልቡከርክ በጥቂት ወር ውስጥ ኤደንን ሊይዝ መጣ፤ የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ቅጥሯን በመሰላል ወጋት። ወታደሩ ተሽቀዳድሞ ሲወጣ መሰላሎቹ ከክብደቱ የተነሣ ተሰበሩና ዘመቻው ከሸፈ። እነዚያ መሰላሎች ቢጠነክሩ ኖሮ ክሬተር ላይ የሊዝበን ዓይነት ቤተ ክርስቲያን ይቆም ነበር። በ1538 ኦቶማኖች የከተማዋን ገዥ ወደ መርከባቸው ጋብዘው ሰቀሉትና ያለ መሰላል ገቡ።

ጃንዋሪ 19 ቀን 1839 የእንግሊዙ ካፒቴን ሄይንስ ወታደሮቹን ሲራ ፊት ለፊት ሲያወርድ ያገኛት ከተማ የቀድሞዋ ጥላ ነበረች። የፈለጉት ለእንፋሎት መርከብ የድንጋይ ከሰል ማኖሪያ ነው። ወደቡን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ታዋሂ አዞሩት፤ በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲከፈት ኤደን እንደገና ትርፍ በትርፍ ሆነች። ታዋሂ ላይ ክራይስት ቸርች የተባለው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን በ1860ዎቹ ተሠራ፣ ክሬተር ላይ ቅድስት ማርያም ተከተለ። ካቶሊኮቹም በካፑቺን ሚስዮናውያን በኩል መጥተው በ1888 ኤደንን የሐዋርያዊ ወኪል መንበር አደረጓት።

ድንጋዩ በሚጠረብበት በዚያው ዐሥር ዓመት የኤደን ሹማምንት ዓይን ወደ ኢትዮጵያ ነበር። ሆርሙዝድ ራሳም የኤደን ምክትል ፖለቲካ ሹም ነበር። የሞሱል ክርስቲያን ሲሆን፣ ነነዌ ላይ የጊልጋሜሽን ጽሑፍ የያዙ የሸክላ ጽላቶች ያወጣ ቆፋሪም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሮንንና ጓደኞቹን ለማስለቀቅ በ1864 ምፅዋ ወረደ፤ ንጉሡን ያገኘው በጃንዋሪ 1866 ነው፣ ጥቂት ቆይቶም ራሱ እስረኛ ሆነ። አለቃው ሜሪዌዘር በ1867 ዙላ ላይ የእንግሊዙን ጄኔራል የናፒየርን ጦር መንገድ ጠራጊ ቡድን መራ። በኤፕሪል 1868 እስረኞቹ ተለቅቀው መቅደላ እስክትወድቅ ለዘመቻው ዕቃና ወሬ መተላለፊያ ሆና የቆየችው ኤደን ነበረች። ከዚያ በኋላ መስመሩ ንግድ ሆነ፤ የሐረር ቡናና ቆዳ፣ የምኒልክም ጠመንጃ በእሷ በኩል አለፈ። በ1880 ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ለአንድ የፈረንሳይ ቡና ነጋዴ ተቀጥሮ ወደ ሐረር የተሻገረውም ከዚሁ ነው።

ኤደን በ1937 ከቦምቤይና ከህንድ መንግሥት ተነጥላ የዘውድ ቅኝ ግዛት ስትሆን ምክር ቤት አስፈለጋት። የክሬተሩ ጉብታ ሕንፃ ሰፊ ነው፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፣ ምእመኑም ሳስቷል፤ ስለዚህ በ1947 ለሕግ አውጪው ተሰጠ። መጀመሪያ ላይ አባላቱን ሁሉ የሚሾመው ገዥው ነበር፤ ጥቂት ተመራጮች የገቡት ከ1955 ጀምሮ ነው።

ሴፕቴምበር 24 ቀን 1962 ቤቱ ትልቁን ቀኑን አየ። አጀንዳው ኤደን በዙሪያዋ ከነበሩት የሸኮችና የሱልጣኖች ግዛቶች ጋር በእንግሊዝ ጥላ ሥር ትዋሃድ ወይስ አትዋሃድ የሚል ነበር። የሠራተኛ ማኅበራቱ ሰው ውህደቱን የቅኝ ገዥ ወጥመድ አድርጎ ያየው ነበርና ከተማዋ ገንፍላ ወጣች፤ ሰልፈኛው ወደ ክሬተር ጎረፈ፣ ፖሊስ ተኮሰ፣ ሰው ሞተ። ውስጥ የተቀመጡት ድምፅ ሰጥተው አጸደቁት። ከሁለት ቀን በኋላ ሰንዓ ላይ ኢማሙ በመፈንቅለ መንግሥት ወረደ። ሁለት ቀን ቢዘገይ ኖሮ ድምፁ ምን እንደሚሆን የኤደን ታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ይከራከሩበታል።

በጁን 1967 የአካባቢው ፖሊስ አምጾ ክሬተር ለሁለት ሳምንት ያህል ከእንግሊዝ እጅ ወጣች፤ በጁላይ መጀመሪያ የስኮትላንድ ወታደሮች መልሰው ያዟት። በኖቬምበር መጨረሻ ግን እንግሊዞች ሁሉ ለቀው ወጡ።

ከዚያ የመጣው ማርክሳዊ መንግሥት የሚስዮናውያንን ትምህርት ቤቶችና ንብረት ወረሰ። የካቶሊኩ ጳጳስ መንበር በ1970ዎቹ ወደ አቡ ዳቢ ሄደ፤ የውጭ አገር ሠራተኛውን የሚስበው ነዳጅ ያለው እዚያ ነበርና። መንግሥቱ ለደርግ ግን ወዳጅ ነበር፤ በኦገስት 1981 ኢትዮጵያ፣ ሊቢያና ደቡብ የመን የሦስትዮሽ ስምምነታቸውን የፈረሙት ኤደን ላይ ነው። ክራይስት ቸርች ለሌላ አገልግሎት ውሎ ቆይቶ በ1990ዎቹ ታደሰና ለአካባቢው ሕዝብ የሚያገለግል ክሊኒክ ጎኑ ተከፈተ፤ ታማሚው አብዛኛው ሙስሊም ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 2001 ቦምብ ፈንድቶበታል። የ2015ቱ ጦርነት ከተማዋን ከመታ በኋላ በሴፕቴምበር ክሬተር ውስጥ ያለ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በእሳት ተለኮሰ።

ማርች 4 ቀን 2016 ታጣቂዎች ሼክ ኡስማን ሰፈር ወደሚገኘው የማዘር ቴሬዛ እኅቶች የአረጋውያን መጦሪያ ገቡ። 16 ሰው ተገደለ። ከመካከላቸው አራቱ መነኮሳይት ናቸው፤ ሁለቱ ከሩዋንዳ፣ አንዷ ከህንድ፣ አንዷ ከኬንያ። በቤቱ የሚያገለግሉ ኢትዮጵያውያንም አብረው ሞቱ። ካሌብ በጦር መርከብ የተሻገረውን ባሕር ዛሬ ኢትዮጵያውያን በጀልባ የሚሻገሩት ሥራ ፍለጋ ነው፤ ኤደን ደግሞ ወደ ሳዑዲ ለሚያልፈው መንገድ፣ ለሚቀረውም ማረፊያ ናት። በዚያ ቀን የታገቱት ህንዳዊው ካህን ቶም ኡዡናሊል የተለቀቁት ከ18 ወር በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2017፣ ኦማን ገብታበት ነው። ቤቱ ይጦራቸው የነበሩት አረጋውያን ከጥቃቱ ተርፈዋል።